እሽቅድምድሙን የነገረን ሰው

በዚያ ቀን ከሞጣ በታች፣ ወንዙን ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ቤቷ ያረፍንባት የባለቤቴ እኅት፣ በጀርባዬ ያዘልኳት ትንሿ ልጄ፣ ዓይናቸው የማያይ የቅኔ መምህር የኔታ፣ እሽቅድምድሙን በድምፅ ማጉያ የሚነግረን አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዓት የሚይዙ ሰዎች፣ ሕዝቡን ከመንገድ የሚመልሱ ፖሊሶች፣ ከዚያ በተረፈ ደግሞ ሞጣ በሙሉ ብል ከእውነቱ ብዙ አልርቅም። ያልነበረው የመጣንለት ልጄ ነው። እሱ ከወንዙ ማዶ፣ ከሚሮጡት መኪኖች በአንዷ ውስጥ ነበር።

የበኩር ልጄ ነው። ቢቸና ተወልዶ፣ ቢቸና ፊደል ቆጥሮ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሄደና ጋራዥ ገባ። መኪና መፍታትና መግጠም ተማረ። እኔ ከገበያ ወደ ገበያ በእግሬ ስሄድ ያደግሁ ሰው ነኝ። መኪና ለእኔ የሚያደርስም የሚገድልም ነገር ነበር፤ የትኛውን እንደሚያደርግ ግን አስቀድሞ አይናገርም። ልጄ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ይሠራል ብለው ሲነግሩኝ እንኳ ስለት እሳል ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፣ እህል ሊጭን የመጣ ሹፌር የልጄን መልእክት ይዞ ቤታችን የመጣው። ጠላውን ከተጎነጨ በኋላ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አልፎ ሞጣ የሚገባ የመኪና እሽቅድምድም እንዳለ፣ ልጄም በዚያ ውስጥ እንደሚገኝ አወራን። የሚነዳው የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ልጄ ከጎኑ ተቀምጦ ከፊት የሚመጣውን መንገድ ይነግረዋል አለን።

«ሰውዬው ዓይን የለውም እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ አለው እትዬ። ከመፍጠኑ የተነሣ ዓይኑ አይደርስለትም እንጂ።»

ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው።

ባለቤቴ ከደጃችን ቆመን እናያቸዋለን አሉ። መኪኖቹ በቢቸና መሐል ነው የሚያልፉት፤ ሌላ ቦታ መሄድ ምን ያስፈልጋል? እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሲያልፍ ባየው ምን ይጠቅመኛል? ካለፈ በኋላ የሆነውን ማን ይነግረኛል? እኔ መገኘት የምፈልገው የሚቆሙበት ቦታ ላይ ነው አልኩ። እሳቸው ይህን ሰምተው ሳቅ ብለው፣ እናትም እንደ አዋላጅ ናት፣ መጨረሻው ላይ ካልተገኘች ምን ዋጋ አላት፣ በይ ተነሺ አሉኝ።

እህል ጭኖ ወደ ሞጣ በሚሄድ መኪና ተሳፈርን። እኔና ትንሿ ልጄ ጋቢና ውስጥ፣ ባለቤቴ ከጭነቱ ላይ። ልጄ የሚሮጥበት መንገድ ይኸው ራሱ መሆኑን ስለማውቅ ዓይኔን አልከደንኩም። ጉንደ ወይን እስክንደርስ ድረስ ትከሻዬ ከመስኮቱ ጋር ሲጋጭ ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መንገዱ ባሰ። እያንዳንዱን ኩርባ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። ዋንዛ ያለበት አለ፤ ቀይ አፈሩ የተናደበት አለ፤ ከሁሉም የሚከፋው ከሞጣ በታች፣ ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ በላይ ያለው ነው። በአንድ በኩል የተቆረጠ ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ወሬውን አቋርጦ አማተበ። ሹፌር ካማተበ እኔ ምን ልሁን?

ሞጣ ስንደርስ የባለቤቴ እኅት ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። እግሬን አጥባ፣ ምግብ አቅርባ፣ ከጎኔ ተቀመጠችና እንዳልፈራ ነገረችኝ። ከጉብታው ላይ ሆነን ማዶውን ቁልቁለት በሙሉ እንደምናይ፣ ከሩቅ የማይታየውን ደግሞ የሚነግረን ሰው እንዳለ አጫወተችኝ። ስለዚህ ሰው የሰማሁት በመጀመሪያ ከእሷ ነው።

በልጅነቱ የየኔታ ተማሪ ነበር። በጥምቀት ጉግስ ደግሞ ፈረስ ይጋልብ ነበርና አንድ ዓመት ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያሸውም እንደ ድሮው አልሆነም። የኔታ ፈንጣጣ ዓይናቸውን በሕፃንነታቸው ያጠፋባቸው ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ጉግስ እንደ እሳቸው የሚወድ በአካባቢው አልነበረም። በየጥምቀቱ ዛፍ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ ተማሪዎቹም በተራ የሚያዩትን ይነግሯቸዋል። ተማሪ ሁሉ «ኧረ ጋለበ፣ ኧረ ደረሰበት» እያለ ሲጮህ እሳቸው በቁጣ፣ ግልቢያውንማ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ወዴት ዞረ፣ ዘንጉን በየትኛው እጁ ይዟል፣ እሱን ንገረኝ ይላሉ። እንዲህ እያሉ ስንቱን አባረሩ። ይህ እግሩ የተሰበረ ተማሪ ግን ፈረስ ያውቃል። ጋላቢው ከመዞሩ በፊት ትከሻው ሲያዘነብል ያያል። «ዳማው ወደ ግራ ሊዞር ነው» ሲል ዳማው ወደ ግራ ይዞራል። የኔታም ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አላስቀርብ አሉ። ሰዉም ጉግሱን እያየ እንኳ ወደ እሱ እየተጠጋ ይሰማ ጀመር፤ ነጋሪው ይሉታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ አለችኝ የባለቤቴ እኅት። አንዱ ጋላቢ ዘንግ ሲወረወርበት ከፈረሱ ሆድ ሥር ተለጠፈ፤ ይህ የጉግስ ብልሃት ነው። ነጋሪው ቸኮለና «ወደቀ» አለ። የጋላቢው እናት እዚያው ነበረች፤ ተዝለፍልፋ መሬት ላይ ወደቀች። ጋላቢው ቀና ብሎ እየሳቀ ሲመለስ እሷን ውኃ እየረጩ ያነቋት ነበር። የኔታ በማግስቱ ነጋሪውን ድንጋይ አሸክመው ከሴትዮዋ ደጅ ሰደዱት። ድንጋዩን በጫንቃው እንደያዘ ይቅር እስክትለው ቆመ። ሴትዮዋም ቶሎ አላለችውም ይባላል፤ መጀመሪያ ከብቶቿን አሰማራች።

እንግዲህ ያ ሰው ነው ለመኪኖቹ የተገኘው። ከአዲስ አበባ በድምፅ ማጉያ እንዲናገር የመጣው ሰው የተሳፈረበት መኪና ደጀን ላይ ተበላሽቶ ቀረ፤ ማጉያው ብቻ በሌላ መኪና ደረሰ። ሰዓት የሚይዙት ሰዎች መናገር የሚችል ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞረ። እሱም መጀመሪያ ያለው የኔታን አምጡልኝ ነው። ለእሳቸው ካልሆነ ለማን እናገራለሁ አለ።

የኔታን በበቅሎ አመጧቸው፤ ማጉያው ከተጫነበት የጭነት መኪና አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። ነጋሪው መኪናው ላይ ወጣ፤ ሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ሰጡት። ነገር ግን መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት መልሶ ወረደና እያነከሰ በሕዝቡ መካከል መዞር ጀመረ። ከሚመጡት መኪኖች ውስጥ ዘመድ ያለው ማን ነው እያለ ይጠይቃል። ወደ እኛ አመለከቱት።

«እናቱ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

ነኝ አልኩት። የልጄ መኪና ነጭ መሆኗን ሰዓት ከሚይዙት ሰዎች አውቋል። ከሹፌሩ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ፤ እሱን ባለቤቴ መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በመንገዱ ላይ የፈራሁት ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እስከዚያን ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ አትፍሪ ይለኛል እንጂ ምኑን ነው የፈራሽው አይለኝም። ከድልድዩ በላይ ያለውን ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከማዶው ራስጌ አቧራ ታየ። ሕዝቡ ተንጫጫ። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አንቋረረ፣ ከዚያ ጠራ። ድምፁ እንደ ጠበቅሁት ትልቅ አልነበረም። ከየኔታ ጋር እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው፤ ማጉያው ነው ለሁላችንም ያደረሰው።

የመጀመሪያዋ ቀይ ናት አለ። ዋንዛው ጋ ደርሳለች፤ ከዋንዛው ጥላ ገባች፤ ወጣች። ሹፌሯ ከኩርባው በፊት ነው ፍጥነት የሚቀንሰው፤ ከኩርባው ሲወጣ ይለቀዋል፤ ቁልቁለት የወረደ በቅሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል አለ። ሁለተኛዋ ሰማያዊ ናት፤ ይህኛው ከኩርባው ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀንሰው፤ የኋላዋ ወደ ጎን ይወረወራል፤ ቢሆንም ደፋር ነው አለ። እኔ ማዶውን ስመለከት የማየው የሚንከባለሉ ጠጠር የመሰሉ ነገሮችና ከኋላቸው የሚቆም የአቧራ ጭራ ብቻ ነው። እሱ ሲናገር ግን ጠጠሮቹ ሰው ሆኑ። አንዱ ጥንቁቅ፣ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ የደከመው። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባላገር እስኪገርማቸው አዩና፣ ሞጣ የትም አትሄድባቸው፣ ምን እንዲህ አጣደፋቸው አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ነጯ መጣች አለ።

ነጠላዬን በፊቴ ላይ ሳብኩት። ማየት አልቻልኩም። ባለቤቴ ክንዴን ያዙኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጄን የማውቀው በዚያ ሰው አፍ ብቻ ሆነ፤ እኔና የኔታ አንድ ሆንን።

ዋንዛውን አለፈች አለ። ቀይ አፈሩ ጋ ናት፤ ቀስ አለች፤ አለፈች። ከፊቷ አንዲት አረንጓዴ መኪና አለች፤ አቧራዋ ነጯን እየሸፈናት ነው። ከሹፌሩ ጎን ያለው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ያሳያል፤ እጁ ይታየኛል። ከድልድዩ በላይ ወዳለው ኩርባ ተጠግተዋል። አረንጓዴዋ ገባች። ነጯም ገባች። ሁለቱም አቧራው ውስጥ ናቸው። አረንጓዴዋ ወጣች።

ከዚያ ዝም አለ።

ስለዚህ ዝምታ በሚገባ መጻፍ ይቸግረኛል። በእኛ አገር ለእናት መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይጠጋል፣ እጅ ይይዛል፣ ከመቀመጫው ይነሣል። እናት መርዶዋን የምትሰማው ከቃሉ በፊት ነው። ስለዚህ ነጋሪው ዝም ሲል በጉብታው ላይ ያለው ሴት ሁሉ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። የባለቤቴ እኅት ከኋላዬ መጥታ ልጄን ከጀርባዬ ፈታ ወሰደቻት። አንዷ እጄን ያዘች፤ የማላውቃት ሴት ናት። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥ ሳደርግ ከፊቴ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ ሲያዞሩት። ማንም አላዘዛቸውም። አንዷ ስታደርግ ሌላዋ አደረገች። ከኋላ አንዲት አሮጊት ማንጎራጎር ጀመረች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴም ይዘውኝ አብረውኝ ተቀመጡ።

ነጋሪው ለካስ ዝም ያለው ስላላየ ነው። አቧራው ከኩርባው ላይ ተኝቶ አልነሣ አለው። ያላየውን ላለመናገር መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደለጠፈ ነፋስ ይጠብቃል። የአሮጊቷ ድምፅ ሲደርሰው መነጽሩን አወረደና ቁልቁል ወደ እኛ ተመለከተ። ነጠላዎቹን አየ።

«እናቶች፣ ነጠላችሁን መልሱ» አለ። «እኔ ሞት አላየሁም። የማየው አቧራ ነው። መኪናዋን አላይም፤ የወደቀ ነገርም አላይም። ያየሁ ጊዜ እነግራችኋለሁ።»

አሮጊቷ ዝም አለች። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን መለሱ፤ አንዳንዶቹ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ለአፍታም ዝም አላለም። የሚያየውን ሁሉ፣ ትንሹንም፣ ይነግረን ጀመር። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ነው አለ። አቧራው ወደ ቋጥኙ እየተገፋ ነው። ከገደሉ በኩል አቧራ አልተነሣም፤ ነገር ቢወድቅ ኖሮ ከዚያ በኩል ይነሣ ነበር። ከታች በድልድዩ ላይ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ እያየ ነው፤ አልሮጠም። እኔ ያን አህያ የሚነዳ ሰው በልቤ ያዝኩት። አልሮጠም። ካልሮጠ ደህና ነው። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ነፍሱን ያቆያል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ነጭ ነገር ታየኝ» አለ። «መኪናዋ ናት። ቆማለች።»

ሕዝቡ ሊጮህ ሲል እጁን አነሣ፤ ዝም አለ ሕዝቡ።

«የሹፌሩ በር ተከፈተ። አንድ ሰው ወጣ። ቆሟል። ሁለተኛውም በዚያው በር ወጣ። ወጣት ነው። በእግሩ ይራመዳል። እናቱ፣ በእግሩ ይራመዳል።»

እልል አላልኩም። አለቀስኩም አላለቀስኩም ማለት አልችልም። ባለቤቴ ከአጠገቤ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። እሱ መናገሩን ቀጠለ። ከማሳው ገበሬዎች እየሮጡ ወደ መኪናዋ እየመጡ ነው፤ ተሰብስበዋል፤ ይገፋሉ፤ ድንጋይ ያቀብላሉ፤ አሁን መኪናዋ በአራት እግሯ መንገዱ መሐል ናት፤ የፈነዳ ጎማ ይቀይራሉ። እዚህ ላይ ያ ሽማግሌ ባላገር፣ እኔ አላልኩም ወይ፣ ሞጣ የትም አትሄድ፣ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ ብለው ወደ ማዶ ተጣሩ፤ የሚሰማቸው ያለ ይመስል። ጉብታው በሳቅ ተናጠ። ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ነጠላ እያስተካከለች ትስቅ ነበር።

ነጯ መኪና ከሁሉም ኋላ ሞጣ ገባች። ልጄ ሲወርድ ከቅንድቡ እስከ ጫማው አፈር ነው። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ የማላውቀው ይመስል ሳገላብጠው፣ «እማዬ፣ ኋላ ስለቀረን ነው የምትቆጪው?» አለኝ። አባቱ እንኳ ሳቁ።

ነጋሪው ከመኪናው ላይ ወርዶ ወደ እኛ መጣ። ከልጄ ጋር ሲጨባበጥ በመጀመሪያ የጠየቀው ለምን በሹፌሩ በር እንደወጣ ነበር። ልጄ እኔን አየኝና አመነታ። በኋላ ነገረው። ጎማው ፈንድቶ መኪናዋ ስትንሸራተት የኋላ እግሯ ከመንገዱ አልፎ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። በእሱ በኩል በሩን ቢከፍት ከእግሩ ሥር መሬት አልነበረም።

«አይቼዋለሁ» አለ ነጋሪው፣ ወደ እኔ ዞሮ። «ነፋሱ አቧራውን ሲወስደው መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። እናቴ፣ ቆማለች ነው ያልኩት፤ ቆማም ነበር። የቀረውን አራቱም መሬት እስኪነኩ ድረስ በሆዴ ያዝኩት። አጠፋሁ?»

የነገረን በሙሉ እውነት ነበር። ውሸት አንድም አልነበረበትም። ግን እውነቱን እናት በምትሸከምበት ተራ አሰልፎ ነው ያወረደልን፤ መጀመሪያ ሰውን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ መኪናዋን። ገደሉን መጨረሻ ላይ፣ ልጄ በእጄ ሳለ። የኔታ ከበርጩማቸው ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበርና፣ ዛሬስ ድንጋይ አላሸክምህም አሉት። እሱም እንደ ልጅ አቀረቀረ።

ሰዓት የሚይዙት ሰዎች ይህን ሁሉ አይተዋል። ዓመት ሳይሞላ ነጋሪው አዲስ አበባ ሄዶ በቴሌቪዥን ስለ መኪና እሽቅድምድም ይናገራል ሲባል ሰማን። ባለቤቴ፣ እዚያማ ሰው ሁሉ ያያል አሉ፤ የሚያይ ሰው ነጋሪ ምን ያደርግለታል? እኔም ይህን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ።

መልሱን ያገኘሁት ልጄን ልጠይቅ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ነው። የተከራየበት ግቢ ባለቤቶች ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ እንደ ቁም ሣጥን መዝጊያ ያለው። አንድ ምሽት ና እናትህን ይዘህ ግባ አሉት፤ እሽቅድምድም አለና። ተቀመጥን። መኪኖቹ እንደ ጉንዳን ትንንሽ ሆነው ሲሯሯጡ አየሁ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት። እንደ ሞጣው ሁሉን አይነግርም። መኪና ሮጠ፣ መኪና ዞረ አይልም። ረጅም ዝም ይላል፤ የቤቱ እመቤት፣ ይህ ሰው ደግሞ ተኛ እንዴ አሉ። ዓይን የሚያየውን ለዓይን ትቶለት ነው ብዬ በልቤ መለስኩላቸው። ሲናገር ዓይን የማይደርስበትን ነው የሚናገረው። ይህኛው ከአሥመራ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ሮጦ አያውቅም። ያኛው ትናንት እጁን ተጎድቷል፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ መዞር ይከብደዋል፤ ልብ ብላችሁ እዩት። ልብ ብለን ስናይ እውነት ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘገያል። ያየነውን እንደገና አሳየን ማለት ነው። ሞጣ ላይ የዓይን ምትክ ነበር፤ እዚህ ለዓይናችን ልብ ሰጠው። አፌን ከፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

አንዷ መኪና ተገለበጠች። ሁላችንም አየን። የቤቱ እመቤት ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሥዕሉ ከሩቅ ነው፤ ሰው አይለይም። እሱ ግን ወዲያው ተናገረ፤ ያው ዝቅ ያለ ድምፁ ነው።

«ተገልብጣለች። ሹፌሩን ገና አላየሁትም። ሰዎች ደርሰውለታል። እጁን አየሁት፤ እጁ ይንቀሳቀሳል።»

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያን ጊዜ የገባን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሳጥን ውስጥ ሆኖም፣ የሚሰሙት የማይታዩት ሆነውም፣ የሆነ ቤት ውስጥ ነጠላዋን የያዘች እናት እንዳለች አውቆ ነው የሚናገረው። የመኪና ነገር መማር ይቻላል፤ ልጄም ተምሮታል። ይህ ግን ከየት ይመጣል? ከየኔታ ነው እንዳልል፣ ከየኔታ የተማሩ ስንት ናቸው። በዚያች ምሽት ለሰው የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከላይ እንደሆነ ይበልጥ አመንኩ።

ይህን ለነጋሪው ልነግረው ፈለግሁ። ልጄ ሊያገናኘን ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እኔ ግን የትንሿ ልጄ መታመም መልእክት ደረሰኝና በማግስቱ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ዘመኑ ተለወጠ፤ እሽቅድምድሙም ቀረ፤ በቴሌቪዥኑም የሚናገሩት ሌሎች ሆኑ። የኔታ ዐረፉ። ለቀብራቸው ይመጣል ብዬ ሞጣ ድረስ ሄጄ ነበር፤ አልመጣም፤ ወይም መምጣት አልቻለም። የነጋሪው እኅት የጁቤ ተድራለች ሲሉ ሰምቼ የገበያ ሰው በላክሁ ቁጥር አስጠይቃለሁ፤ ቤቷን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ደህና ነው፤ በእግሩ ይራመዳል። ይህን ያ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል። እኔም የእሱን ደህንነት ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወሬው ጠፍቶ የቀረ ሰው ነገር አያስችለኝም። የሞጣ ሰው ነው፤ ቀኝ እግሩን ያነክሳል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። በሕይወት አለ ወይ? የት ነው ያለው? ያየው ወይም የሰማ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።